የሕክምና ገንዘብ የት ይሰብሰብ? ከመስኮቱ ወይስ ከአውድማው?

ሕክምና ዋጋ አለው። መርፌውም፣ ክኒኑም፣ የላቦራቶሪው ኬሚካልም፣ ሌሊቱን በተራ የሚያነጋው የነርስ ጉልበትም ወጪ የሚጠይቁ ናቸው። ይህን የሚክድ ወገን የለም። ስለሆነም በጤና አገልግሎት ረገድ የሚነሣው መሠረታዊ ጥያቄ «ወጪው ይከፈል ወይስ አይከፈል» የሚል ሊሆን አይችልም። ጥያቄው «ማን ይክፈል? መቼ ይክፈል? የት ይክፈል? የተከፈለውስ ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» የሚል ነው። እነዚህ አራት ጥያቄዎች አዘውትረው የገንዘብ ያዥና የሒሳብ ሹም ጉዳይ ተደርገው ስለሚታዩ ከሕዝብ ውይይት ውጪ ሆነው ቆይተዋል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለሕክምናው ገንዘብ የሚያዋጣበት መንገድ የወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም። ማን ቀድሞ ታክሞ እንደሚድንና ማን ዘግይቶ እንደሚሞት የሚወስን ማኅበራዊ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በባዶ ሜዳ ከመተንተን ይልቅ ከተጨባጭ ሁኔታ መነሣት ይበጃል። ሁምቦን እንውሰድ። ጠበላን መቀመጫው ያደረገው ይህ የወላይታ ወረዳ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጠዋል። ከተዳፋቱ ተነሥቶ ወደ አበላ ቆላና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ይወርዳል። ገበሬው በቆሎ፣ ጤፍ፣ ቦሎቄና ስኳር ድንች ያመርታል፤ በጓሮው እንሰትና ቡና ይተክላል። የሕዝቡ ብዛት ከመሬቱ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። በብዙው ቤተሰብ እጅ ያለው ማሳ ጠባብ ነው፤ ዝናቡ አንድ ጊዜ ሲዛባ ምድሩ ለምልሞ እየታየ ጓዳው ባዶ ይሆናል። በወላይታ በተደጋጋሚ ለደረሰው ለዚህ ዓይነቱ ችግር «አረንጓዴ ረኀብ» የሚል ስም የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ የዚህን ገበሬ ዓመት ከፋፍለን እንመልከት። በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሚገባው የመኸሩ እህል ተሰብስቦ፣ ተወቅቶ፣ ከገበያ ሲወጣ ነው፤ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ገደማ ነው። የወባው ወቅት ግን ክረምቱ እንደወጣ፣ እህሉ ገና በማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ይመጣል። ከየካቲት በኋላ ደግሞ ጎተራው እየጎደለ ይሄዳል። የበልጉ ምርት እስኪደርስ ሕፃናት የሚመነምኑበት፣ ተቅማጡና ሳምባ ምቹ ደካማ ሰውነት የሚያገኙበት ጊዜ ይኸው ነው። በአጭሩ በሽታና ገንዘብ በገበሬው ደጃፍ በአንድ ወር አይገናኙም። በሽታው ሲመጣ ገንዘቡ የለም፤ ገንዘቡ ሲመጣ በሽታው የሚፈልገውን አድርሶ ሄዷል።

የተለመደው የክፍያ አሠራር ይህን እውነታ ፈጽሞ አይመለከትም። ገንዘብ የሚጠይቀው በሽተኛው ታሞ፣ በቃሬዛ ወይም በሰው ጀርባ ተጭኖ ከጤና ጣቢያው መስኮት ፊት ሲደርስ ነው። ከሰው ልጅ ዕድሜ ውስጥ ለመክፈል እጅግ የማያመች ሰዓት ቢፈለግ ከዚህ የከፋ አይገኝም። ሠርቶ የሚያመጣው ሰው ተኝቷል፤ አስታማሚው ከሥራ ተፈቷል፤ ለመደራደርም ሆነ ለመጠበቅ ጊዜ የለም። በዚህ ሰዓት ገንዘብ የሚገኝባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ዶሮው፣ በጉ፣ ብሎም የእርሻው በሬ ያለ ዋጋው ይሸጣል፤ ያልደረሰ እህል በቁሙ ይዋዋላል፤ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። ይህ ሁሉ ያልሆነለት ደግሞ «ነገ ይሻለው ይሆናል» እያለ በቤቱ ይቀመጣል። በሁለት ቀን መድኃኒት ይድን የነበረው ሕመም በሁለት ሳምንት መዘግየት ወደ ሶዶ ሆስፒታል የሚያስልክ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከዚህ የምንረዳው ዓቢይ ቁም ነገር በመስኮቱ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለሰብሳቢውም ቢሆን የማያዋጣ መሆኑን ነው። ጤና ጣቢያው የሚያገኘው ለመክፈል የቻለውን ብቻ ነው። ያልቻለው ወይ አይመጣም፣ ወይ በነፃ ካልታከምኩ ብሎ ይከራከራል፣ ወይም ዱቤ አስጽፎ ይቀራል። ከዚህም በላይ ጤና ባለሙያው ከሐኪምነቱ ይልቅ በቀረጥ ሰብሳቢነቱ እየታየ ይሄዳል። በባለሙያውና በሕዝቡ መካከል የተፈጠረው ቅራኔ ምንጩ የግለሰብ ጠባይ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

አሠራሩ ከየት መጣ? ለብዙ ዘመን በአገራችን የመንግሥት ሕክምና ተቋማት ከበሽተኛው የሚሰበስቡትን ጥቂት ገንዘብ እንዳለ ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ክሊኒኩ የሰበሰበው ብር ለዚያው ክሊኒክ ፋሻ መግዣ አይሆንም ነበር። በመሆኑም ሰብሳቢው በትጋት የሚሰበስብበት፣ ከፋዩም በደስታ የሚከፍልበት ምክንያት አልነበረም። ድሀው ከቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት አጽፎ ይመጣል፤ ወረቀቱን ለማግኘት ግን ከድህነቱ ይልቅ ትውውቁ የሚጠቅምበት ጊዜ እንደነበረ የማይታበል ሐቅ ነው። በ1990 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለመለወጥ የታለመ ነበር። ከዚያ በኋላ ክልሎች ባወጧቸው ሕጎች መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገንዘብ ይዘው ለመድኃኒት መግዣና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ። የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእናቶች ወሊድ ክትትል፣ ክትባትና የሳምባ ነቀርሳ ሕክምናን የመሰሉ አገልግሎቶችም ከክፍያ ነፃ እንዲሆኑ ተወሰነ።

ይህ እርምጃ ከአራቱ ጥያቄዎች የመጨረሻውን፣ «ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ» የሚለውን በከፊል መልሷል። ሕዝቡ የከፈለው ብር በዚያው ግቢ ውስጥ ወደ መድኃኒት ሊለወጥ ቻለ። ነገር ግን «መቼ ይከፈል» የሚለውን ጥያቄ አልነካውም። መስኮቱ እዚያው ነበር፤ በሽተኛውም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበር። እንዲያውም ተቋሙ የሰበሰበውን የሚጠቀምበት ከሆነ በመስኮቱ ላይ አጥብቆ ለመሰብሰብ የሚገፋፋው ምክንያት ይበረታል። አንድ ጥገና ሌላ ክፍተት ይከፍታል ማለት ይኸው ነው።

የሌላው ዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1978 እ.ኤ.አ. በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት ጤና ለሁሉም እንዲዳረስ ቃል ገቡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1987 እ.ኤ.አ.፣ የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ተሰብስበው፣ ሕዝቡ ለመድኃኒት እየከፈለ የገጠሩን ጤና ጣቢያ በራሱ እንዲያስተዳድር የሚል ሐሳብ አጸደቁ። የሐሳቡ መነሻ የመድኃኒት መደርደሪያው እንዳይራቆት ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን ድሀው ከመስኮቱ እንዲመለስ ምክንያት ሆነ። ዩጋንዳ በ2001 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚጠየቀውን ክፍያ ስታነሣ የበሽተኛው ቁጥር በአንድ ጊዜ አሻቀበ፤ ይህም ቀድሞ በክፍያው ምክንያት በየቤቱ ተኝቶ የቀረው ሰው ምን ያህል እንደነበረ አጋለጠ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው አለቀ፤ በሽተኛውም ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛ በሌላ በር መክፈሉን ቀጠለ። በኬንያ የወለዱ እናቶች ሒሳባቸውን ባለመክፈላቸው በሆስፒታል ታግተው መቆየታቸው ለፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር መሆኑን ወስኗል።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶችን ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ገንዘብ አሰባሰቡ ይጥበቅ፤ አስቀድሞ መያዣ ያላስያዘ አልጋ አይሰጠው፤ ሒሳቡን ሳይዘጋ በር አይከፈትለት» የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ሕክምናን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይቆጥራል። ሸቀጥ የሚገዛ ሰው ግን ዋጋው ካልተስማማው ትቶ ይሄዳል፤ ምጥ የያዛት ሴት ወይም የመተንፈሻ ቧንቧው የተዘጋ ሕፃን ይህ ምርጫ የለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ቢሆን በብርቱ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የሙያ ርዳታ የሚነፍግን የሕክምና ባለሙያ በጥፋተኝነት ይጠይቃል። ሁለተኛው አመለካከት «ክፍያ ይቅር፤ ሁሉም በነፃ ይሁን» ይላል። ይህ ለጆሮ የሚጥም መፈክር ነው። ነገር ግን ወጪውን የሚተካ በጀት አብሮ ካልቀረበ በሩ ተከፍቶ መደርደሪያው የተራቆተ ጤና ጣቢያ ከማትረፍ አያልፍም። የመጀመሪያው ድሀውን ከበሩ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው አስገብቶ ባዶ እጁን ይሸኘዋል።

ትክክለኛው መፍትሔ ክፍያውን ከሕመሙ ሰዓት መለየት ነው። ጤነኛው በጤናው ጊዜ፣ ገበሬው በአዝመራው ወራት ያዋጣል፤ የታመመው ከተዋጣው ይታከማል። ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ጀርመን በ1883 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሕመም መድን ሕግ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው እንዲከፍል ደንግጋለች። ከአፍሪካ ሩዋንዳ በ1999 እ.ኤ.አ. በጥቂት አካባቢዎች የጀመረችውን የጤና መረዳጃ ማኅበር ወደ መላው አገሪቱ አስፋፍታ፣ መዋጮው እንደ ቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ እንዲለያይ አድርጋለች። በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከእነዚህ አንዱ የሁምቦ ጎረቤት የሆነው ዳሞት ወይዴ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ ተግባራዊነቱ ለዓመታት ሲጓተት፣ የገጠሩ ገበሬ ግን መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይዞ መታከም ጀምሯል። በዚህ ረገድ ገበሬው ቢሮውን ቀድሞታል።

የአሠራሩ መሠረት ለመረዳት አያዳግትም። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ በአባልነት ይመዘገባል። ለመክፈል የማይችለው ድሀ ቤተሰብ በቀበሌው ተለይቶ፣ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ገንዘቡ በወረዳ ደረጃ በአንድ ቋት ይጠራቀማል። አባሉ በውል ከታወቀው ጤና ጣቢያ ሲታከም በመስኮቱ ላይ ብር አይቆጥርም፤ ጤና ጣቢያው የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ጽሕፈት ቤቱም አጣርቶ ይከፍላል። ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ የሆነው በሽተኛ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል።

አንዳንድ ወገኖች «ገበሬው ላልታመመበት አይከፍልም፤ ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» ይላሉ። ወላይታን የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። በመስከረም የሚከበረው የግፋታ በዓል እንዴት እንደሚደገስ እንመልከት። ወንዶቹ ለበሬው መግዣ ዓመቱን ሙሉ በቡድን ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በዕቁብ ያኖራሉ። ዕለቱ ሲደርስ ማንም ለሥጋውና ለቅቤው በጭንቀት ብድር ፍለጋ አይዞርም፤ አስቀድሞ ከፍሏልና። ዕድሩንም እንመልከት። ለቀብር የሚዋጣው ገንዘብ ሞት ሳይመጣ የሚዋጣ ነው። ዕድርተኛው «እኔ ዘንድሮ አልሞትኩምና ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ አያውቅም። ለሞቱ አስቀድሞ የሚከፍል ሕዝብ ለሕይወቱ አስቀድሞ አይከፍልም ማለት ሕዝቡን አለማወቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አነጋገር ከማንኛውም የመድን መጽሐፍ በፊት የመድንን ትርጉም ተናግሯል።

ሁምቦ ደግሞ ለዚህ የራሷ ምስክር አላት። በተራቆተው የሁምቦ ተራራ ላይ፣ በ2,728 ሄክታር መሬት፣ የተፈጥሮ ደን መልሶ እንዲያገግም ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ጠብቀዋል። ከብታቸውን ከለከሉ፤ ከሰል ማክሰልን አቆሙ፤ ከጉቶው ያቆጠቆጠውን እየገረዙ አሳደጉ። ወርልድ ቪዥን ያገዘው ይህ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ደኑ ለሚያስቀረው የካርቦን ጋዝ በዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ በኩል ገንዘብ አስገኝቷል። ገንዘቡ የተከፈለው ለማኅበራቱ እንጂ ለየግለሰቡ አልነበረም። ዛሬ ደክሞ ነገ የሚገኘውን መጠበቅ፣ የጋራ የሆነውን በጋራ ማስተዳደር ለሁምቦ ገበሬ ትምህርት የሚያሻው ነገር አይደለም። ይህን ያህል ለዛፍ የታገሠ ሕዝብ ለልጁ ጤና መዋጮ ቢያጓድል መመርመር ያለበት የመድኑ አሠራር እንጂ የሕዝቡ ንቃት አይደለም።

ይህን ስንል ግን የጤና መድኑ ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ጉድለቱን መሸፈን ሥርዓቱን መግደል ነው። አንደኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት የመድኃኒት እጥረት ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ፣ ደብተሩን ይዞ፣ ሰልፉን ጠብቆ፣ ካርዱን አስወጥቶ፣ ተመርምሮ ሲያበቃ «መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ከውጭ ግዛ» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። በዚህች ቅጽበት ያ ገበሬ አንድ ጊዜ በአውድማው፣ አንድ ጊዜ በመስኮቱ፣ ሁለት ጊዜ ከፋይ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ባያሳድስ ማን ይፈርድበታል? «የንቃተ ኅሊና ማነስ» እየተባለ የሚጻፈው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን ወደ ተበዳዩ የሚያዞር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የክፍያ መዘግየት ነው። ጤና ጣቢያው ያከመበት ገንዘብ ከመድኑ ጽሕፈት ቤት በወቅቱ ካልተከፈለው መድኃኒት የሚገዛበት የለውም። መድኃኒት ከሌለ አባሉ ይሸሻል፤ አባሉ ሲሸሽ ቋቱ ይመነምናል፤ ቋቱ ሲመነምን ክፍያው ይብስ ይዘገያል። ይህ ክፉ አዙሪት የሚጀምረው ከአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየቱ በአደባባይ የተነገረ ጉዳይ ነው። የሕዝብ ካዝና በሚሳሳበት በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሕክምና የተዋጣ ገንዘብ ለሌላ ጉድጓድ መድፈኛ እንዳይሆን የመድኑ ሒሳብ ብቻውን የቆመ፣ ከማንኛውም በጀት ጋር የማይቀላቀል መሆን ይገባዋል። ገበሬው ያዋጣው ለመድኃኒቱ ነውና።

ሦስተኛው ጉድለት የዘመቻ አሠራር ነው። ምዝገባው ሲደርስ ለየቀበሌው ኮታ ይወርዳል፤ ኮታውን ለመሙላት አንዳንድ ሹም ማሳመኑን ትቶ ወደ ማስገደዱ ያዘነብላል። መዋጮ ያልከፈለ ሌላ አገልግሎት አያገኝም የሚል ማስፈራሪያ በተሰማበት ቦታ ሁሉ ፈቃደኝነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በርግጥ የበጎ ፈቃድ መድን የራሱ ችግር አለው። የታመመው ቶሎ ይገባል፤ ጤነኛው ይዘገያል፤ ቋቱም የሚመዘንበት የታማሚው ወገን ይሆናል። ይህን የሚፈታው ግን ግዴታ ሳይሆን እምነት ነው። ጤነኛው ሰው የሚገባው ጎረቤቱ ታክሞ ሲመለስ በዓይኑ ሲያይ ነው። አንድ መድኃኒት ይዞ የተመለሰ አባል ከአሥር ስብሰባ የበለጠ ይሰብካል።

በቅርብ ዓመታት ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከእርሱም ጋር የባንኮች የእጅ ስልክ አገልግሎቶች ሲስፋፉ፣ የሕክምናን ገንዘብ አሰባሰብ ችግር ስልኩ ይፈታዋል የሚል ተስፋ በርክቷል። መሣሪያው ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። ገንዘብ በሰው እጅ ሳያልፍ ቀጥታ ወደ ቋቱ ይገባል፤ ማን መቼ እንደከፈለ አሻራ ይቀራል፤ የጠፋ ደረሰኝ ክርክር ይቀንሳል። ሆኖም መሣሪያ የሚያፋጥነው ያለውን አሠራር ነው። በሽተኛውን በሕመሙ ሰዓት ገንዘብ የሚጠይቅ አሠራር በስልክ ቢጠይቀውም ያው መጠየቁ ነው። ስልክ የሌላትን ባልቴት፣ ኔትወርክ የማይደርስበትን ቀበሌ፣ ቁጥር ማንበብ የማይችለውን አዛውንት የሚያስቀር ከሆነማ አዲስ መስኮት ከፈትን እንጂ አሮጌውን አልዘጋንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የመዋጮው ወቅት የቢሮውን የበጀት ዓመት ሳይሆን የገበሬውን አዝመራ ይከተል። ቆላውና ደጋው በአንድ ቀን አያጭድምና በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የመሰብሰቢያው ጊዜ ሊለያይ ይችላል። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ለማይሞላለት ቤተሰብ በሁለት ጊዜ ማዋጣት ይፈቀድለት። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ የሚያምናቸው የዕድር ዳኞች መዋጮውን በማስተባበርና ድሀውን በመለየት ሥራ ድርሻ ይኑራቸው። የነፃ ታካሚዎች ዝርዝር ውሳኔ ከማግኘቱ በፊት በጉባኤ ይመከርበት፤ ማን ለምን እንደገባ፣ ማን ለምን እንደቀረ ጎረቤት ያውቃልና። ድሀውን ማዋረድ እንዳይሆን ግን ደብተሩ ከሌላው አባል ደብተር በምንም ምልክት አይለይ።

ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ አባሉን ወደ ውጭ ሲልከው አባሉ ደረሰኙን አቅርቦ ገንዘቡን የሚያስመልስበት አጭር መንገድ ይኑር፤ የተመለሰውም ከጤና ጣቢያው ሒሳብ ይቀነስ። ያን ጊዜ መድኃኒት የማጣት ዋጋ ከበሽተኛው ትከሻ ወርዶ ኀላፊው ራሱ የሚሸከመው ይሆናል። አራተኛ፣ ለጤና ጣቢያው የሚከፈልበት ቀን በውል የተቆረጠ ይሁን፤ ከቀኑ ያሳለፈው ጽሕፈት ቤት ምክንያቱን ለአባላቱ ጉባኤ ያስረዳ። አምስተኛ፣ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ለመድኃኒት ወጣ፣ ምን ያህል ቀረ የሚለው ሒሳብ በወላይትኛ ተጽፎ በየጤና ጣቢያውና በየገበያው ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በዕድሩና በቀበሌው ስብሰባ ይነበብ። ሒሳቡን ያየ ሕዝብ ለሚቀጥለው ዓመት አይለመንም።

ስድስተኛ፣ አባል ያልሆነው በሽተኛ በመስኮቱ መክፈሉ ለጊዜው የማይቀር ከሆነ አከፋፈሉ ሰብኣዊ ይሁን። የአገልግሎቱ ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ። አንድ ሕመምተኛ ለካርድ አንድ ጊዜ፣ ለላቦራቶሪ አንድ ጊዜ፣ ለመድኃኒት አንድ ጊዜ በሦስት ሰልፍ ከሚንገላታ ሁሉም በአንድ ደረሰኝ ተጠቃልሎ በመጨረሻ ይታሰብ። ከሁሉም በላይ ድንገተኛው ሕመምተኛ መጀመሪያ ይታከም፤ ሒሳቡ ኋላ ይፈለግ። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559 በመንገድ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝና ወጪው በመድኑ በኩል እንዲሸፈን ደንግጎ ነበር። በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ሰው አስቀድሞ ብር ቁጠር ካልተባለ፣ በዚያው መንገድ ዳር ባለ ጎጆ ውስጥ በድንገት የታመመው ሕፃን የሚባልበት ምክንያት የለም።

እነዚህ ነጥቦች አዲስ ሕንፃም ሆነ የውጭ ብድር አይጠይቁም። የሚጠይቁት ገንዘብን ከበሽተኛው ኪስ የሚወጣ ነገር አድርጎ ከማየት ወደ ሕዝብ አደራ አድርጎ ማየት መሸጋገርን ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማውን ወላይታ ሶዶ ላይ አድርጓል። ቢሮው ለገበሬው በመንገድ ቀርቧል፤ በአሠራርም ሊቀርበው ይገባል። የቅርበቱ መለኪያ የሪፖርቱ ርዝመት ወይም የተመዘገበው አባል ቁጥር ብቻ ሊሆን አይችልም። መለኪያው አንዲት የአበላ እናት ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ስትነሣ የመጀመሪያ ሐሳቧ «ምን ልሽጥ» የሚለው መሆኑ ወይም አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው፣ የወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት፣ የዕድሩ ዳኛና ገበሬው በዚህ ጉዳይ ላይ ሊመክሩ የሚገባው የዘንድሮው አዝመራ ከአውድማው ሳይነሣ ነው። እህሉ ተሸጦ ብሩ ከተበተነ፣ ወባውም ከተመለሰ በኋላ የሚደረግ ምክክር ያው በመስኮቱ ፊት የሚደረግ ክርክር ይሆናልና።